በቀዝቃዛ ወይና ደጋ ሐብሐብን ለፍሬ ማብቃት

(ለሞዴል አርሶ አደሮች በተዘጋጀ የመስኖ አትክልትና ፍራፍሬ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ሐብሐብ ነው። ከመካከላችሁ «ሐብሐብ የቆላ ሰብል ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አባባሉ እውነትነት አለው። ሐብሐብ የሚስማማው እንደ ስምጥ ሸለቆና እንደ አዋሽ ዳር ያለ ሞቃት አካባቢ ነው። ቢሆንም መስኖ ያላት ወይና ደጋም አቅዳ ከሠራች ጥሩ ፍሬ ታገኛለች። ሳታቅድ ከገባችበት ደግሞ ትከስራለች። ይህን የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም፤ መጀመሪያ ያጠፋሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ወይና ደጋ ቀበሌ ስሠራ አንድ ብርቱ አርሶ አደር መክሬ ሩብ ሄክታር መሬት ላይ ሐብሐብ አስዘራሁ። ታኅሣሥ ላይ በቀጥታ መሬት ላይ ዘራን። ዘሩ ከግማሽ በላይ አልወጣም፤ ቆፍረን ስናየው በስብሷል። የካቲት መጨረሻ ላይ እንደገና ዘራን። አሁን ማሳው አማረ፤ ሐረጉ መሬቱን ሸፈነው፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀ። በየተክሉ ሰባትና ስምንት ፍሬ ተንጠልጥሎ ስናይ «ይኸው ተሳካ» አልን። ሰኔ መጣ፣ ዝናቡ ገባ። ፍሬውን ስንቆርጠው ውስጡ ነጣ ያለ፣ ጣዕሙም እንደ ዱባ ነበር። ገበያ የሚወጣ ጠፋ። ሰውዬው ከሰረ። ከዚያ የባሰው ግን ተከታዮቹ ያሉት ነው፤ «እሱ ያልቻለውን እኛ ከየት አምጥተን?» ብለው ለዓመታት ማንም ዳግም አልሞከረም።

ውሃው በቂ ነበር፤ ማዳበሪያውም በቂ ነበር። ያልቆጠርኩት ሙቀቱንና ቀኑን ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የወጣ ነው፤ አንዱ ምክር ሙቀት ለማትረፍ፣ ሌላው ቀን ለማትረፍ። ይህን ከያዛችሁ ዝርዝሩን ብትረሱት እንኳ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ሐብሐብ ብርድን እንዴት ያየዋል?

ሐብሐብና ዱባ ዘመዳሞች ናቸው። ዱባ በጓሯችን ስለሚያፈራ ሐብሐብም እንዲሁ ያፈራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ዱባ ብርድን ይችላል፤ ሐብሐብ አይችልም። የአፈሩ ሙቀት ከ16 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ከሆነ ዘሩ አይበቅልም፤ እርጥበት ውስጥ ተቀምጦ ይበሰብሳል። ተክሉ ደህና የሚያድገው ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ የሚመቸው ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ከሰነበተ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ዕድገቱ ይቆማል። ውርጭ ካገኘው በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ይቀንሳል፤ በየ100 ሜትሩ ወደ 0.6 ዲግሪ ገደማ። ባሕር ዳርና ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናቸው። ደሴና ደብረ ማርቆስ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋሉ። ስለዚህ በእነዚህ መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ለሐብሐብ 4 ዲግሪ በመብሰልና ባለመብሰል መካከል ያለ ልዩነት ነው። እንደ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላላችሁ፣ ያለ ፕላስቲክ ቤት ሜዳ ላይ እንድትሞክሩት አልመክርም። ከ1,900 እስከ 2,400 ሜትር ላላችሁ ግን የሚከተለው ይጠቅማችኋል።

ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር

የእኛ የሐብሐብ ወቅት በሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለ ጠባብ በር ነው። በአንድ በኩል ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር የሚዘልቀው ብርድና ውርጭ አለ። በሌላ በኩል የሰኔ ዝናብ አለ። ዝናብ የገባበት ሐብሐብ ውሃ ውሃ ይላል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ዘር የምንዘራበትን ቀን የምንወስነው ከመልቀሚያው ተነሥተን ነው።

ፍሬው ግንቦት መጨረሻ ላይ ተለቅሞ ማለቅ አለበት። በቀዝቃዛ አካባቢ አበባው ከቋጠረ በኋላ ፍሬው ለመብሰል ከ45 እስከ 55 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ፍሬው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ባለው ጊዜ መቋጠር አለበት። ችግኙ ወደ ማሳ ከተዛወረ በኋላ አበባው እስኪያፈራ 40 ቀን ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ችግኙ የሚዛወረው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። ችግኝ ለማድረስ 4 ሳምንት ያስፈልጋል፤ እንግዲህ ዘሩ የሚዘራው ጥር 15 ገደማ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ቀድሞ መዝራት ጥቅም የለውም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው። ከዚህ ዘግይቶ መዝራት ደግሞ ፍሬውን ለሰኔ ዝናብ አሳልፎ መስጠት ነው። የየቀበሌያችሁ ውርጭ የሚያበቃበትና ዝናብ የሚጀምርበት ቀን ይለያያል፤ አባቶች ያውቁታል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁንም ጠይቁ። ቀኑ ቢለያይም አቆጣጠሩ ያው ነው።

የዘር ምርጫ

ትልቅ ፍሬ የሚሰጥ ዘር አትፈልጉ። ትልቅ ፍሬ ብዙ ቀን ይፈልጋል። ሹገር ቤቢ የሚባለው ዝርያ ፍሬው ትንሽና ክብ፣ ቅርፊቱ ጠቆር ያለ ነው። በሞቃት አካባቢ ከ75 እስከ 80 ቀን ይደርሳል፤ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ክሪምሰን ስዊት የሚባለው ባለ ዥንጉርጉር ፍሬ ትልቅና ጣፋጭ ነው፤ ግን ቢያንስ አንድ ሳምንት ይዘገያል። በፓኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን ለሞቃት ቦታ የተቆጠረ መሆኑን አትርሱ፤ እኛ ዘንድ ሦስትና አራት ሳምንት ይጨምራል። ለመጀመሪያ ዓመት ሹገር ቤቢን እመክራለሁ። ድቅል ዘር የገዛችሁ እንደሆነ ከፍሬው ዘር አውጥታችሁ ለከርሞ አታስቀምጡ፤ የሚወጣው እናቱን አይመስልም።

ችግኝ ማፍላት

በዚህ ሥራ እናቶችና እህቶች ከእኛ ከባለሙያዎቹ ይበልጣሉ፤ ምክንያቱም ብቅል ማብቀል ያውቃሉ። ዘሩን ለብ ባለ ውሃ ለአንድ ሌሊት ዘፍዝፉት። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ማድቤት ሞቅ ያለ ቦታ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ተመልከቱት። በሦስትና በአራት ቀን ነጭ ጫፍ ብቅ ሲል ይተከላል። ያልጎነቆለውን ለይታችሁ ስለምትጥሉ ባዶ ቦታ አይኖርም።

የሐብሐብ ሥር ከተነካ ይቆጣል። ስለዚህ እንደ ቃሪያና ጎመን መደብ ላይ አፍልቶ ሥሩን ነቅሎ ማዛወር አይሆንም። በፕላስቲክ ከረጢት ወይም ከታች በተበሳ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ለየብቻው ይተከል። አፈሩ ሦስት እጅ ለም አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን። ዘሩን የጣት አንጓ ያህል አስገቡት። ቀን ፀሐይ ላይ አውጡት፤ ማታ ቤት አስገቡት። ከመዛወሩ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ቀስ በቀስ ውጭ እያቆያችሁ አለማምዱት። ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ይዛወራል። ከዚያ በላይ ከቆየ ሥሩ ይጠመጠምና ማሳ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ቦታና መደብ

ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ነው፤ ሌሊት ቁልቁል ይወርድና ረግረጉና ሸለቆው ግርጌ ይተኛል። ውርጭ ቀድሞ የሚመታው ታችኛውን ማሳ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ለውሃ ይቀርባል ብላችሁ ወንዝ ዳር ያለውን ዝቅተኛ መሬት አትምረጡ። ትንሽ ከፍ ያለ፣ ተዳፋትነት ያለው፣ የጠዋት ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘው ማሳ ይሻላል። ነፋስ የሚመጣበትን ጎን ቀድሞ በተዘራ በቆሎ ወይም በዝሆኔ ሣር ጋርዱት።

አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ፣ አሸዋ የቀላቀለ ቢሆን ይመረጣል። ዋልካ አፈር ውሃ ይይዛል፤ ውሃ የያዘ አፈር ደግሞ ቶሎ አይሞቅም። ሌላ መሬት ከሌላችሁ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። ከፍ ያለ መደብ ይጠነፍፋል፣ ፀሐይም ከላይና ከጎን ታሞቀዋለች። በመደቦች መካከል 2 ሜትር፣ በተክሎች መካከል 80 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ዱባ፣ ኪያር ወይም ዙኩኒ የነበረበትን ማሳ አትጠቀሙ፤ በሽታቸው አንድ ነው።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ልንገራችሁ። ጉዝጓዝ ጥሩ ነው ብለን ለዓመታት አስተምረናችኋል፤ እውነትም እርጥበት ይጠብቃል። ግን ገለባ ገና በየካቲት መደቡ ላይ ካለበሳችሁ ፀሐይዋን ይጋርዳል፣ አፈሩም ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። ለሐብሐብ መጀመሪያ የሚለበሰው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ችግኙ ከመዛወሩ ከሁለት ሳምንት በፊት መደቡን አጠጥታችሁ ፕላስቲኩን ከአፈሩ ጋር አጣብቃችሁ ዘርጉት። ፕላስቲክ ካጣችሁ መደቡን ባዶ ተዉት፤ በየተክሉ ዙሪያ ጥቋቁር ድንጋዮች ደርድሩ። ቀን የሞቀ ድንጋይ ማታ ሙቀቱን ይመልሳል። ገለባውን ሚያዝያ ላይ አፈሩ ከሞቀ በኋላ ከፍሬው ሥር አድርጉት፤ ያን ጊዜ ፍሬው መሬት ነክቶ እንዳይበሰብስ ያገለግላል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት ሌሊቱ ገና ብርድ ነው። ታችኛው የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ በየችግኙ ላይ ድፉበት፤ ክዳኑን ቀን ክፈቱት፣ ማታ ግጠሙት። ተክሉ ሲበልጠው ከቀርከሃ ወይም ከሸምበቆ ቅስት ሠርታችሁ ነጭ ፕላስቲክ አልብሱት። ፀሐይ ሲበረታ ጎኑን መግለጥ እንዳትረሱ፤ ያለዚያ ተክሉ ይቀቀላል። አበባ ሲጀምር ሽፋኑ ቀን ቀን ሙሉ በሙሉ ይነሣል፤ ንብ ካልገባ ፍሬ የለም። የበልግ ዝናብና በረዶ ባለበት አካባቢ ፕላስቲኩን አርቃችሁ አታስቀምጡት፤ ደመና ሲከብድ መልሱት።

ውሃና ምግብ

በየጉድጓዱ አንድ ወይም ሁለት አካፋ የበሰለ ኮምፖስት ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። የኤንፒኤስና የዩሪያ መጠን እንደ አፈሩ ስለሚለያይ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ ጋር ወስኑ። አንድ ነገር ግን ለሁላችሁም ይሠራል፤ አበባ ከወጣ በኋላ ዩሪያ አትጨምሩ። ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬው ይዘገያል። የእኔ የመጀመሪያው ማሳ ያማረው በዚህም ምክንያት ነበር።

ውሃ ማጠጣት ያለባችሁ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ነው። ማታ የሚጠጣ የወንዝ ውሃ አፈሩን ሌሊቱን በሙሉ ያቀዘቅዘዋል። የውሃ ማቆሪያ ያላችሁ ቀን ፀሐይ ያሞቀውን ውሃ ተጠቀሙ። ፍሬው በሚያድግበት ጊዜ ውሃው አይቋረጥ፤ አድርቆ ድንገት ማጠጣት ፍሬውን ይሰነጥቀዋል። መልቀሚያው ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው ግን ቀንሱ፤ ጣዕሙ የሚጠራቀመው ያን ጊዜ ነው።

አበባና ንብ

ሐብሐብ የወንዴና የሴቴ አበባ ለየብቻ አለው። መጀመሪያ የሚወጡት የወንዴዎቹ ናቸው፤ ቢረግፉ አትደንግጡ። የሴቴዋ አበባ ከሥሯ ትንሽ ፍሬ ይዛ ትወጣለች፤ የምትቀበለው ግን በተከፈተችበት አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ቀፎ ያላችሁ ወደ ማሳው አቅርቡ። አበባ ባለበት ወቅት ጠዋት ጸረ ተባይ አትርጩ። ጠዋቱ ደመናና ብርድ ከሆነ ንብ አትወጣም፤ ያን ቀን ሥራዋን እናንተ ሥሩላት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የወንዴውን አበባ ቆርጣችሁ፣ ቅጠሉን ገልጣችሁ፣ ብናኙን በሴቴዋ አበባ እምብርት ላይ ቀስ አድርጋችሁ አብሱ። ልጆች በደስታ የሚሠሩት ሥራ ነው።

ከባዱ ሥራ፦ ፍሬ መቀነስ

አሁን ብዙ አርሶ አደር እጁ የሚፈራበት ቦታ ደረስን። አንድ ተክል በእኛ ብርድ የሚያበስለው ሁለት ፍሬ ነው። ሰባትና ስምንት ካሸከማችሁት ሁሉም እኩል ያድጋሉ፣ ሁሉም እኩል ሳይበስሉ ይቀራሉ። ስለዚህ ፍሬው የዶሮ እንቁላል ሲያክል በየተክሉ ቀድመው የቋጠሩትን፣ ቅርጻቸው ያማረውን ሁለት ምረጡና ሌላውን ቁረጡ። ከሚያዝያ 15 በኋላ የሚቋጥር ፍሬ ሁሉ ይቆረጥ፤ ለሰኔ አይደርስም፣ የሚደርሱትን ግን ይቀማቸዋል። የሐረጉን ጫፍም ያን ጊዜ ቁረጡት።

የበቀለ ፍሬ መቁረጥ እንደሚያም አውቃለሁ። ያ የከሰረው ወንድማችን ማሳ ላይ ቆሜ «ይህን ሁሉ ፍሬ አትንኩት» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሁለት ጣፋጭ ፍሬ ይሸጣል፤ ስምንት ጥሬ ፍሬ ለከብት ይጣላል።

ተባይና በሽታ

ችግኙን ሌሊት የሚቆርጠውን ቆራጭ ትል በጠዋት በዙሪያው ጫር ጫር አድርጋችሁ ልቀሙት። ቅጠሉ ከተጨማደደ ገልብጣችሁ ክሽክሽ መኖሩን እዩ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ቅጠል ላይ ከታየ የታመመውን ቅጠል አስወግዱ፤ ውሃ ቅጠል ላይ አትርጩ። የፍሬ ዝንብ የወጋውን ፍሬ ማሳ ውስጥ አትተዉት፤ ሰብስባችሁ በጥልቅ ቅበሩ። ኬሚካል ያስፈለገ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትርጩ፤ ከርጭት እስከ መልቀም የሚጠበቀውንም ቀን አክብሩ። ሐብሐብ በጥሬው የሚበላ ነው።

መቼ ይለቀም?

ሐብሐብ ከተቆረጠ በኋላ አይጣፍጥም። ስለዚህ ሦስት ምልክት አብራችሁ እዩ። አንደኛ፣ ፍሬው ከተንጠለጠለበት አንጓ የወጣው እንደ ሽቦ የተጠመዘዘ ክር ሙሉ በሙሉ ደርቋል ወይ? ሁለተኛ፣ መሬት የነካው ጎኑ ከነጭ ወደ ቢጫ ተለውጧል ወይ? ሦስተኛ፣ በጣት ሲመታ ድምፁ ወፍራም ነው ወይ? ሦስቱ ከተገኙ በቢላ ከነአጭር ግንዱ ቁረጡት። አንዱን ማሳው ላይ ቆርጣችሁ ቅመሱ፤ ሳትቀምሱ ገበያ አትውጡ።

ማጠቃለያ

በመጀመሪያው ዓመት ሩብ ሄክታር አትግቡበት። 10 ሜትር በ10 ሜትር ይበቃል። በዚህ ቦታ 5 መደብ፣ በየመደቡ 12 ተክል፣ በጠቅላላው 60 ተክል ይገባል። የሚሞተውን አስባችሁ 75 ችግኝ አፍሉ። በየተክሉ ሁለት ፍሬ ሲቀር 120 ፍሬ ነው፤ ግማሹ እንኳ ቢበስል ለቤትም ለገበያም ለትምህርትም ይበቃል። ባይሳካ ደግሞ የምታጡት ትንሽ ነው። ዘር የዘራችሁበትን፣ የተዛወረበትን፣ የመጀመሪያው ፍሬ የቋጠረበትንና የተለቀመበትን ቀን በደብተር ጻፉ። ለከርሞ የሚመራችሁ እሱ ነው።

እናንተ ሞዴል ስለሆናችሁ ማሳችሁ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት በአጥር ላይ አሻግሮ ያያል። ያየውን ይሠራል፣ የከሰረበትንም አይደግመውም። ስለዚህ ጎረቤታችሁን በየካቲት የችግኙን ሽፋን፣ በሚያዝያ ፍሬ ስትቀንሱ ጠርታችሁ አሳዩት፤ በግንቦት የበሰለውን ብቻ ካየ ድካሙን ሳያውቅ ይገባበታል። ከዚያ ግንቦት ላይ አንዱን ቆርጣችሁ አቅምሱት። እኔም ብታስቀምጡልኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሠርቶ ማሳያው ማሳ እንውረድ፤ መደቡን አብረን እንሥራ።